ኪውሳይንስ
በዶሃ አቅራቢያ በኤጁኬሽን ሲቲ የሚዘጋጅ፣ የጥናት መጽሔቶችን ያለ ክፍያ የሚያስነብብ ድረ ገጽ። የለንደኑ አሳታሚ ብሉምስበሪና የኳታር ፋውንዴሽን በሽርክና እ.ኤ.አ. በ2010 ከፈቱት። ሽርክናው በ2015 መጨረሻ ሲያበቃ ሥራው ወደ ሐማድ ቢን ኸሊፋ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ተዛወረ፤ የንባቡ መድረክ ግን ስሙን እንደያዘ ቀጠለ። መጠሪያው የውጭውን ሸሪክ ስም አልተሸከመም፤ ከመድረኩ ታሪክ ለአሳታሚ ከሁሉ የሚጠቅመውም ይኸው ነው። በራሱ ስም የንባብ መተግበሪያ የሚያሠራ ኢትዮጵያዊ አሳታሚም መልኩን ከማማረጡ በፊት ውሉን ይመርምር። ከሠሪው ድርጅት ቢለያይ መጻሕፍቱን በኢፐብ (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ቅርጽ) ፋይል መረከብ፣ የደንበኞቹንም መዝገብ ይዞ መውጣት አለበት። የግዕዝ ፊደል በርካሽ ስልክ ላይ፣ ያለ ኢንተርኔትም በትክክል መነበቡን ሳያረጋግጥ አይፈርም።