በመንኰራኵር ላይ የቆመች ዋና ከተማ

«ከተማ» የሚለው ቃላችን «ከተመ» ከሚለው ግሥ የተገኘ ነው፤ ከተመ ማለትም ሰፈረ፣ ተቀመጠ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ለብዙ ዘመን የነገሥታቶቻችን ከተማ ድንኳን ነበረ። ንጉሡ ሲነሣ ይነሣል፤ ንጉሡ ሲያርፍ ያርፋል። ስለዚህ «መናገሻው ተነቅሎ ሄደ» የሚል ወሬ ለአያቶቻችን ቀልድ አይሆንባቸውም ነበር። እኔ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ይኸው ነገር ታላቅ ቀልድ ስለሆነበት አገር ነው። አገሩ አሜሪካ፣ ዘመኑ 1783 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ዓመት በሰኔ ወር ደመወዛቸው ያልተከፈላቸው 400 ያህል ወታደሮች ኮንግረሱ የሚሰበሰብበትን የፊላዴልፊያ አዳራሽ ከበቡ። የፔንሲልቬንያ ግዛት መሪ የነበረው ጆን ዲኪንሰን የግዛቱን ሚሊሺያ ለመጥራት እምቢ አለ። የኮንግረሱ አባላትም ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ትንሿ ፕሪንስተን ሸሹ። ከዚያ ወደ አናፖሊስ፣ ከአናፖሊስ ወደ ትሬንተን፣ ከትሬንተን ወደ ኒውዮርክ ዞሩ። እስከ 1785 መጀመሪያ ድረስ፣ ሁለት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ፣ አዲሲቱ አገር አምስት መቀመጫ አየች ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ስደት መካከል ኮንግረሱ ሁለት ውሳኔዎችን አሳለፈ። በነሐሴ 1783 ለጄኔራል ጆርጅ ዋሽንግተን በፈረስ ላይ የተቀመጠ የነሐስ ሐውልት እንዲሠራና የኮንግረሱ መቀመጫ በሚሆነው ቦታ እንዲቆም ወሰነ። በጥቅምት ደግሞ ሰሜኑም ደቡቡም ከተማዋን «ለእኔ» ስላለ፣ አንዷ በደላዌር ወንዝ፣ ሌላዋ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ሁለት ዋና ከተሞች እንዲቈረቈሩ ተስማማ። እነርሱ እስኪሠሩ ድረስ ኮንግረሱ በትሬንተንና በአናፖሊስ እየተፈራረቀ ይቀመጣል ተባለ።

ይህን ጊዜ ብዕሩን ያነሣው ፍራንሲስ ሆፕኪንሰን ነበር። ሆፕኪንሰን የነጻነቱን አዋጅ ከፈረሙት አንዱ፣ ሕግ ዐዋቂ፣ ሙዚቃ ደራሲ፣ ለአገሩ ሰንደቅ ዓላማ ንድፍ አውጥቻለሁ ብሎ ዋጋውን ቢጠይቅ ኮንግረሱ ያልከፈለው ሰው ነው። የጻፈውም በዜና መልክ የቀረበ ስላቅ ነበር። አዲሱ መንግሥት በሁለት ከተሞች መካከል እንደ ሰዓት ፔንዱለም ይወዛወዛል አለ። ሐውልቱስ? ሐውልት አንድ፣ ከተማ ሁለት ከሆነ ሐውልቱ በመንኰራኵር ላይ ይቁምና ኮንግረሱን ተከትሎ ይንከባለል! ፈረሱም እንደ ትሮይ ፈረስ ሆዱ ሰፊ ይሁንና አባላቱን ከነመዝገባቸው ያጓጕዝ!

እኔን በዚህ ስላቅ የሚማርከኝ አሠራሩ ነው። ጸሐፊው ኮንግረሱን አልተሳደበም፤ አልመከረምም። ሁለቱን ውሳኔዎች ከልቡ እንዳመነባቸው ሆኖ ጎን ለጎን አቆማቸውና ወደሚያደርሱት ቦታ ተከትሏቸው ሄደ። የኛ ባለቅኔ ቢሆን ኖሮ ሰሙ ፈረሱ፣ ወርቁ ኮንግረሱ ነው ባልን ነበር። ሐውልት እንዳይንቀሳቀስ ሆኖ የሚሠራ ነገር ነው። ሐውልቱን የሚያንከባልል መንግሥት የሚረግጠው መሬት ገና አላገኘም ማለት ነው።

ስላቁ በዚህ አላበቃም። በ1790 ቶማስ ጄፈርሰን፣ አሌክሳንደር ሃሚልተንና ጄምስ ማዲሰን በኒውዮርክ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው የግዛቶችን ዕዳ ጉዳይ ከከተማው ጉዳይ ጋር አገበያዩ። በሐምሌ በወጣው ሕግም ዋና ከተማው ለ10 ዓመት በፊላዴልፊያ ቆይቶ ወደ ፖቶማክ ዳር እንዲሄድ ተወሰነ። ኒውዮርኮች ተቈጡ። አንድ የካርቱን ሠዓሊ ኮንግረሱን በመርከብ አሳፍሮ፣ ሰይጣን ከፏፏቴው ወዲያ እየጠራው ወደ ገደል ሲነዳ አሳየ። ገጣሚው ፊሊፕ ፍሬኖም የኒውዮርክ ቤት ሠራተኛ በፊላዴልፊያ ላለች ጓደኛዋ የምትጽፈውን ደብዳቤ በግጥም አቀረበ። ጌቶች ሲዛወሩ ገረዶችም እንደሚዛወሩ ያስታወሰ አንድ ብዕር ቢገኝ ይህ ነበረ።

ሆኖም በዚያ ዘመን በእውነት በመንኰራኵር ላይ የተጫኑ ሰዎች ነበሩ። ፔንሲልቬንያ በ1780 ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ሕግ አውጥታ ነበር። በዚያ ሕግ መሠረት ከሌላ ግዛት የመጣ ጌታ ባሪያውን ከ6 ወር በላይ ሳያቋርጥ ቢያስቀምጥ ባሪያው ነጻ ይወጣል። ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ታዲያ ስድስቱ ወር ከመሙላቱ በፊት ባሮቹን ከግዛቱ እያስወጣ መልሶ ያመጣቸው ነበር። ሆፕኪንሰን በ1791 ስለ ሞተ ይህ ምልልስ ሥር ሲሰድ አላየም። ሌሎቹ ፌዘኞችም በዚህ ላይ እንዳሾፉ የማውቀው ነገር የለም።  አዲሲቱ ከተማ ራሷ፣ ኮንግረሱ በ1800 የገባባት ዋሽንግተን፣ በከፊል በባሮች ጕልበት ተሠራች።

ይህን ስጽፍ የኛይቱ መናገሻ ትዝ ትለኛለች። ዳግማዊ ምኒልክ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃ ወረዱ። በፍልውኃ ማገዶ ሲጠፋ ደግሞ በ1900 አካባቢ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ ቤተ መንግሥት አስጀመሩ። ባሕር ዛፍ ደርሶ አዲስ አበባን አስቀራት፤ የአዲስ ዓለሙ ሕንጻም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከባሕር ዛፉ በፊት ድንኳኑ ባረፈበት ሁሉ ዛፉ ይቈረጣል፣ የገበሬው ጎተራ ይራቈታል፤ ሠፈሩን የሚቀልበው እርሱ ነበርና። መናገሻ ተዛወረ ሲባል የነገሥታቱን ስም የሚጽፍ ታሪክ ብዙ ነው። ጎተራውን የቈጠረ ግን ጥቂት ነው።

ኮንግረሱ የወሰነው ዓይነት የዋሽንግተን ፈረሰኛ ሐውልት በመዲናይቱ የቆመው በ1860 ነው። መንኰራኵር የለውም። ከዚያ 64 ዓመት አስቀድማ፣ በግንቦት 1796፣ ኦና ጀጅ የምትባል ወጣት ከፊላዴልፊያው የፕሬዚዳንቱ ቤት፣ ጓዙ ወደ ቨርጂኒያ ሲጠቀለል፣ በር ከፍታ ወጣች። በመርከብ ወደ ኒው ሃምፕሸር ተሻገረች። እንድትመለስ ሰው ተላከባት፤ አልተመለሰችም። በ1848 እስክትሞት ድረስ በዚያው ኖረች፤ ከተመች።