«ፉርኖ»፦ ከምድጃ ወደ ዳቦ የተሻገረ ቃል



ዛሬ የማነሣው ቃል ማለዳ በየዳቦ ቤቱ ደጃፍ የምንሰማው «ፉርኖ» ነው። ቃሉ የጣልያንኛው «ፎርኖ» ሲሆን በዚያ ቋንቋ የመጋገሪያ ምድጃን፣ እንዲሁም ዳቦ የሚጋገርበትን ቤት ያመለክታል። የሩቅ ሥሩ የላቲኑ «ፉርኑስ» ነው። ዐረብኛም ምድጃውን «ፉርን» ይለዋል፤ ሆኖም የእኛ ቃል መድረሻ «ኖ» መሆኑና አብረውት የሚሰለፉት «ፓስታ»ና «መኮሮኒ» ወደ ጣልያንኛው ይመሩናል።

አማርኛ ውስጥ ከገባ በኋላ ትርጉሙ ሁለት ጊዜ ተሻግሯል። በመጀመሪያ የምድጃው ስም በምድጃው ለተጋገረው ዳቦ ሆነ። ቀጥሎም «የፉርኖ ዱቄት» ስንል ስሙ ወደ ነጩ የስንዴ ዱቄት አለፈ። ጋጋሪው ዕቃ ለተጋገረው፣ የተጋገረው ደግሞ ለጥሬ ዕቃው ስሙን አዋሰ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናዘዝ። በማስተማር ሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ይህን ቃል እየጠቀስሁ የስንዴ ዳቦ ከጣልያኖች ጋር እንደ መጣልን አስተምር ነበር። ይህን ለእናቴ ባወራላት፣ «ታዲያ አያትህ ለበዓል በኮባ ጠቅልላ የምትደፋው ድፎ ምን ነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ማስረጃው ከእናቴ ጋር ነበር። በ3ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው የአክሱሙ እንዱቢስ ባሳተመው የወርቅ ሳንቲም ላይ የንጉሡ ምስል በሁለት የእህል ዛላዎች መካከል ይታያል። ለእህል ይህን ያህል ክብር የሰጠ አገር ዳቦን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከቆየ ወራሪ ተማረ ማለት አይቻልም። «ዳቦ» የሚለው ስም በቦታው ጸንቶ መቆየቱም ይህንኑ ያስረዳል። ድፎው ከታችና ከላይ እሳት እየነደደለት በምጣድ ይበስላል፤ ፉርኖው በምድጃ ውስጥ ይጋገራል። ስለዚህ የውጭው ቃል የሚመሰክረው ስለ አንድ ዐይነት ምድጃና ስለ ከተማ ዳቦ ቤት እንጂ ስለ ዳቦ አጀማመር አይደለም።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ የስሙ መምጣት የነገሩ መምጣት አይደለም። ቃል የታሪክ ምስክር ነው፤ ምስክር ግን ሳይጠየቅ አይታመንም። እኔ መስቀለኛ ጥያቄውን ሳልጠይቅ ፈረድሁ፤ እናንተ ጠይቃችሁ ፍረዱ።