ሳተላይት ወርቅ ያያል እንዴ?

«ፈረንጆቹ እኮ የትኛው ተራራችን ሥር ወርቅ እንዳለ በሳተላይት አይተው ጨርሰዋል!» ይህችን ወሬ ካፌ ውስጥ ሰምቶ የማያውቅ የከተማ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። እስቲ ዛሬ ታሪኩን ከሥሩ እንየው።

አሜሪካኖች በኋላ ላንድሳት 1 ያሏትን ሳተላይት ያመጠቁት እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1972፣ በእኛ ሐምሌ 16 ቀን 1964 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው)። መሬትን የምታነሳው በአራት ባንድ ነበር። ባንድ ስላችሁ የሙዚቃውን አይደለም፤ የብርሃን ክፍል ማለቴ ነው። ሁለቱን ዓይናችን ያያቸዋል፤ ሁለቱ ግን የማናያቸው ኢንፍራሬድ ናቸው። በ1974 ሎውረንስ ሮዋን፣ አሌክሳንደር ጎትዝና ባልደረቦቻቸው ምስሎቿን በኮምፒውተር አቀነባብረው፣ በኔቫዳ በረሃ ጎልድፊልድ በምትባል የድሮ የወርቅ ከተማ አካባቢ የተለወጡ ድንጋዮችን ለይተው አሳዩ።

ልብ በሉ፤ ወርቁን አላዩም! ከምድር ውስጥ ማዕድን ይዞ የሚወጣ ትኩስ ውሃ የሚያልፍበትን ዓለት ወደ ሸክላ አፈርነት ይለውጠዋል፤ ብዙ ጊዜም ላዩ ላይ ዝገት ይታያል። ሳተላይቷ ያየችው ይህን ጠባሳ ነው። ጠባሳው ኖሮ ወርቁ ላይኖር ይችላል።

ደግሞም ላንድሳት 1 ዝገቱን እንጂ ሸክላውን መለየት አትችልም ነበር። ሸክላ የሚታወቀው 2.2 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለውን ኢንፍራሬድ ስለሚውጥ ነው። ጂኦሎጂስቶች ወተወቱ፤ በ1982 በመጠቀችው ላንድሳት 4 ላይ ይህን የሚያይ ባንድ ተጨመረላቸው። በ1999 መጨረሻ በቴራ ሳተላይት ላይ ተጭኖ የሄደው የጃፓኖች መሣሪያ አስተር ደግሞ በዚያው ሰፈር ብቻ አምስት ባንድ ነበረው፤ እነዚህ በ2008 ከሥራ ውጪ ሆኑ።

አሁን ወደ ወሬያችን እንመለስ። የላንድሳት ምስል ምስጢር ሆኖ አያውቅም፤ ውድ ግን ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሽያጩ ለግል ኩባንያ ተሰጠና በየጎኑ 185 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን አንድ ምስል ከ4 ሺህ ዶላር በላይ እስከመሸጥ ደረሰ። አገር ለመሸፈን ስንት ምስል እንደሚያስፈልግ ቁጠሩት! የማዕድን ኩባንያ ይከፍላል፤ ተማሪ ከየት ያመጣል? በ2008 የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ማህደሩን በነፃ ለመክፈት ወሰነ። የአስተር ምስሎችም በ2016 ነፃ ሆኑ።

ስለዚህ የአፋርን ራቁት ዓለት ፈረንጁ በሚያይበት የላንድሳት ምስል ዛሬ እኛም ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብለን ልናየው እንችላለን። የካፋ ደን ሥር ያለው ዓለት ግን ለእሱም ለእኛም በቅጠል ተሸፍኗል። ሳተላይቷ የምታነበው የምድርን ቆዳ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መዶሻ ይዞ ተራራ የሚወጣ፣ ናሙና አስመርምሮ የሚያስቆፍር ሰው ያስፈልጋል።

እና ወዳጆቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ካፌ ውስጥ «አይተው ጨርሰዋል» የሚል ከገጠማችሁ፣ «አንተስ ምስሉን ከፍተህ አይተኸዋል?» በሉት።