ማኑካ፦ ስሙና ቁጥሩ

ባለፈው ወር እትዬ ከአዲስ አበባ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ያን የኒውዚላንድ ማር ስትመጪ ይዘሽልኝ ነዪ። ቁጥር አለው አሉ። ትልቁ ዋጋው አይቀመስም፣ ትንሹ ደግሞ አይረባም አሉኝ፤ እስቲ አንቺ እይው።» በማግስቱ ለንደን ሰፈሬ ካለው መድኃኒት ቤት ገብቼ ብልቃጦቹን ሳገላብጥ፣ ከቁጥሩ በፊት ቃሉ ያዘኝ። ማኑካ፣ ዩኤምኤፍ፣ ኤምጂኦ፣ አክቲቭ። አራቱም አንድ ወረቀት ላይ ታትመዋል፤ የተወለዱት ግን በየፊናቸው ነው።

«ማኑካ» የኒውዚላንድ ቀደምት ሕዝብ የማኦሪዎች ቃል ነው፤ ስምነቱም ለማሩ ሳይሆን ለዛፉ ነው። የማኦሪ አባቶች ከሰባት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በታንኳ ኒውዚላንድ ሲደርሱ ቃሉን ከሞቃታማዎቹ ደሴቶች ይዘውት መጡ። ቶንጋዎች ዛሬም አንድን ቁጥቋጦ «ኑካኑካ» ይሉታል፤ ሳሞአዎች «ካ»ን ጉሮሯቸው ውስጥ ስለሚውጧት በእነሱ አፍ «ኑአኑአ» ሆኗል። ስደተኞቹ በአዲሱ አገር ያንን ቁጥቋጦ አላገኙትም። ቅጠሉ ደቃቅ፣ አበባው ነጭ የሆነ፣ የዚያው ቤተሰብ ዘመድ ሲያዩ ግን የአገራቸውን ስም አለበሱት። እኛም በአሜሪካ ገበያ ኮላርድን አይተን «ጎመን» ብለን ወደ ቤታችን ይዘነው ገብተን የለ?

ዛፉ ለማኦሪዎች ብዙ ነገር ነበር። ከጠንካራ እንጨቱ ጦርና መቆፈሪያ ይሠሩበታል፤ ቅጠሉንና ልጡን ለሕመም ይቀቅሉታል። ስሙ ወደ ክብር ንግግርም ገብቷል። እንግዳ ወደ ማራኤ፣ ማለትም ወደ ጎሳው መሰብሰቢያ ግቢ ሲመጣ፣ አንድ ተዋጊ ፊት ለፊቱ ቀርቦ የማኑካ ቀንበጥ መሬት ላይ ያኖራል፤ እንግዳው ካነሳው በሰላም መጥቷል ማለት ነው። ከዚህ የተነሳ በማኦሪ ቋንቋ «ማኑካው ተቀምጧል» ማለት «ፈተናው ቀርቧል፣ የሚያነሳ ያንሳው» ማለት ሆኗል። ካፒቴን ኩክ ደግሞ (የማነሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለመርከበኞቹ ቅጠሉን እንደ ሻይ አፈላላቸው፤ በ1773ም ከሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ጋር ቢራ ጠመቀበት። እንግሊዞች «የሻይ ዛፍ» የሚሉት ከዚያ ወዲህ ነው። ከኩክ ጋር የተጓዙት ፎርስተር አባትና ልጅ በ1776 በሳይንስ ስም «ሌፕቶስፐርመም» አሉት፤ በግሪክ «ቀጭን ዘር» ማለት ነው። ሁለተኛ ስሙ «ስኮፓሪየም» ከላቲኑ የመጥረጊያ ቃል የመጣ ነው።

እስካሁን ማር የሚባል ነገር እንዳልተነሳ ልብ በሉ። የኒውዚላንድ የራሷ ንቦች ሰው የሚቆርጠው ማር አያከማቹም። የማር ንብ የደረሰችው በ1839 ነው፤ ሜሪ በምቢ የምትባል የሚሲዮናዊ እህት ሁለት ቀፎ ይዛ በሆኪያንጋ ማንጉንጉ ከመርከብ ወረደች። ስለዚህ ማኦሪዎች ለማር ንብም ለማርም ቃል መበደር ነበረባቸው። ንብን ከእንግሊዝኛ «ፒ» አሉ፤ ለማር ከያዟቸው ቃላት አንዱ «ሚዬሬ» ነው፣ ከፈረንሳይኛው «ሚዬል»። የእኛ «ማር» ከግእዙ «መዓር»፣ «ንብ»ም ከ«ንህብ» ወርዶ፣ በመንገድ የጉሮሮ ድምፁን ብቻ ጥሎ ደረሰ። በኒውዚላንድ ግን የዛፉ ስም ጥንታዊ፣ የማሩ ስም ትናንት የመጣ ነው። ማሩ ራሱም ለብዙ ጊዜ የተናቀ ነበር፤ እንደ ጄሊ ስለሚረጋ ከእንጀራው አልወጣ እያለ ንብ አርቢውን ያስቸግረው ነበር።

በ1980ዎቹ በዋይካቶ ዩኒቨርሲቲ ፒተር ሞላን ይህን የተናቀ ማር በባክቴሪያ ላይ ፈተነው። አብዛኛው ማር በውኃ ሲቀጥን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል፤ ባክቴሪያ የሚገድልበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ሞላን ፐርኦክሳይዱን በኢንዛይም አጠፋው፤ የማኑካው ማር ግን መግደሉን ቀጠለ። ገዳዩ ምን እንደሆነ ስላልታወቀ «የማኑካ ልዩ ፋክተር» ተባለ፤ ዩኤምኤፍ የዚያ ምህጻር ነው። «ፋክተር» በላቲን «አድራጊ» ማለት ነው፤ ሳይንቲስት ማንነቱን ላልደረሰበት ነገር የሚሰጠው የክብር ስም ነው ብል አልተሳሳትኩም። ጥንካሬውን ለመለካት ያነጻጸሩት ከፌኖል ጋር ነበር፣ ሐኪሙ ጆሴፍ ሊስተር በ1865 ቁስል ካጸዳበት ኬሚካል ጋር። ዩኤምኤፍ 10 ማለት 10 በመቶ ፌኖል ካለው ውኃ ጋር የሚተካከል ኃይል ማለት ነበር። 10 በመቶ የሆነው ማሩ ውስጥ ያለ ነገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አይደለም።

የአድራጊው ስም የታወቀው በ2008 ነው። በድሬስደን የቶማስ ሄንሌ ቡድን፣ በዚያው ዓመትም የዋይካቶ ተመራማሪዎች፣ ሜቲልግሊዮክሳል መሆኑን አሳወቁ፤ ኤምጂኦ የሚባለው እሱ ነው። እኔን ይህ ቃል ከብልቃጡ ይበልጥ አስደስቶኛል። በ1834 ዱማና ፔሊጎ የተባሉ ፈረንሳውያን ኬሚስቶች ከእንጨት ለሚወጣው አልኮል ስም ሲፈልጉ ሁለት የግሪክ ቃላት ገጠሙ፦ «ሜቱ» ወይን ጠጅ፣ «ሂሌ» እንጨት። «ሜቲል» ከዚያ ወጣ። «ሜቱ» ራሱ ግን ወደ ኋላ ሲቆፈር የማር ቃል ነው። የሳንስክሪቱ «ማዱ» ማርም ጣፋጭ መጠጥም ነው፤ የእንግሊዝኛው «ሚድ» ጠጅ ነው፤ ሩሲያዊ ዛሬም ማርን «ምዮድ» ይለዋል። ማርና መጠጡ በአንድ ቃል መጠራታቸው ጠጅ ለሚጥል ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። «ግሊ» ከግሪኩ «ጣፋጭ»፣ «ኦክሳል» ከ«ጎምዛዛ» የመጡ ናቸው። ኬሚስቶቹ ማርን አላሰቡም፤ ስሙ ግን ከመቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ተመልሶ ማር ውስጥ ተገኘ።

ኤምጂኦ የሚቆጠረው በአንድ ኪሎ ማር ስንት ሚሊግራም እንዳለ ነው። ዩኤምኤፍ 5 ቢያንስ 83፣ 10 ደግሞ 263፣ 15 ሲሆን 514፣ 20 ሲሆን 829 ይሆናል። ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ «ኤምጂኦ 100» የሚለው ብልቃጥ «ዩኤምኤፍ 10» ከሚለው በእጅጉ ይደክማል፣ መቶ ከአሥር ቢበልጥም። ዩኤምኤፍ ዛሬ ከኤምጂኦ ሌላ ከዛፉ አበባ የሚመጣውን ሌፕቶስፐሪንንም ስለሚመረምር፣ ቁጥር ብቻ ከተጻፈበት ይልቅ እሱን አምናለሁ። «አክቲቭ» ወይም «ጠቅላላ አክቲቪቲ» የሚለውን ግን እተወዋለሁ፤ አብዛኛው ማር ያለውን፣ ሙቀትና ብርሃን የሚያጠፉትን ፐርኦክሳይድ ጨምሮ ሊቆጥር ይችላል።

ከቁጥሩ በፊት ደግሞ ስሙ አለ። የኒውዚላንድ መንግሥት በ2017 መጨረሻ «ማኑካ» ለመባል የሚያበቃውን ደነገገ፦ አራት ኬሚካሎችና አንድ የዲኤንኤ ምልክት። ከአራቱ ውስጥ ኤምጂኦ የለበትም። ስሙ የመጣበትን አበባ ይናገራል፤ ቁጥሩ ጉልበቱን። «ሞኖፍሎራል» የሚለው አብዛኛው ከማኑካ ነው፤ «መልቲፍሎራል» የሚለው ከሌላ አበባ ጋር የተቀላቀለ ነው። እኛም «የግራዋ ማር»፣ «የአደይ አበባ ማር» ስንል በአበባው እየመደብን ነው፤ የእኛ መርማሪ የገዢው ምላስ ሆኖ ነው እንጂ።

እትዬ «ማር መድኃኒት ነው» ሲሉ የሚያስቡት ጣዝማን ነው፤ መሬት ውስጥ የምትሠራዋን የትንሿን ንብ ማር። ስለዚህ ትልቁ ቁጥር ትልቁ መድኃኒት ይመስላቸዋል። ለሻይና ለዳቦ ከሆነ መልቲፍሎራል ወይም ዩኤምኤፍ 5 ይበቃል፤ ለጉሮሮ ማለስለሻ 10 ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ በላይ የሚከፈለው በላብራቶሪ ለተለካ ጉልበት ነው፤ በአፍ የተዋጠ ማር ሆድ ውስጥ ያንን ጉልበት ይዞ አይቆይም። ቁስል ላይ የሚውለው ደግሞ በጨረር ከጀርም የጸዳ የሐኪም ማር እንጂ የመደርደሪያው ብልቃጥ አይደለም። ዓመት ላልሞላው ሕፃን የትኛውም ማር አይሰጥም። የእትዬ ስኳር ከፍ ስለሚል ማንኪያውም የሚቆጠር ነው፤ ይህን በስልክ ነግሬያቸዋለሁ።

ቃሉ የማን ነው የሚለው ክርክር ገና ትኩስ ነው። ዛፉ በታዝማኒያም ስለሚበቅል የአውስትራሊያ ማር ሻጮች «ማኑካ» እያሉ ይሸጣሉ፤ የኒውዚላንዶቹ «ማኑካ ሃኒ» የሚለውን ለብቻቸው ለማስመዝገብ ሞክረው በ2023 በገዛ አገራቸው የንግድ ምልክት ጽሕፈት ቤት ተከለከሉ። ማኦሪዎች ቃሉን ሲጽፉ በመጀመሪያዋ «አ» ላይ ሰረዝ ያሠምሩባታል፣ ረዝማ እንድትነበብ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው አሳጥሮ «መኑካ» ይላል። ዩኤምኤፍ 10 ገዝቼ ሻንጣዬ ውስጥ ካስቀመጥኩ በኋላ እትዬ ደውለው «ማኑካዬን ያዝሽልኝ?» አሉኝ፤ «ማ»ን ረገጥ፣ ዘርጋ አድርገው።