ሥራው ሲከፋፈል ካርታው ለምን ተቀደደ?

በ1976 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የቤል ላብስ ባለሙያ ስቲቭ ጆንሰን የፕሮግራሙን ስህተት ሲፈልግ አረፈደ። ስህተቱ ግን ታርሟል፤ የታረመው ፋይል ኮምፓይል ስላልተደረገ ይሠራ የነበረው አሮጌው ነው። ባልደረባው ስቱዋርት ፌልድማን ይህን ሰምቶ «ሜክ»ን ሠራ። ሜክ የትኛው ፋይል በየትኛው ላይ እንደሚመሠረት ከተነገረው፣ ለውጥ የነካውን ብቻ መልሶ ይገነባል።

ፕሮጀክቶች ሲያድጉ ፋይሎች በየፎልደሩ ተከፋፈሉ፤ ለየፎልደሩም የራሱ የሜክ ፋይል ተጻፈለት። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል፦ አንዱ ፎልደር የሌላውን ለውጥ አያይም። አሮጌውና አዲሱ ይደባለቃል። የተቸገረ ሰው «ለማንኛውም» ብሎ ሁሉንም ከባዶ ይገነባል።

አውስትራሊያዊው ፒተር ሚለር በ1990ዎቹ መጨረሻ እውነቱን ጻፈ፦ ጥፋቱ የሜክ አይደለም፤ ካርታውን የቆራረጥነው እኛ ነን። ፎልደሮቹ ይብዙ፣ የጥገኝነት ካርታው ግን አንድ ይሁን።

ሥራን መከፋፈል ያስፈልጋል። ሙሉውን የሚያይ ከጠፋ ግን የጆንሰን ጠዋት ይደገማል።