የቦረና ቱላዎችና የውሃው ሥርዐት

በቦረና አገር «ቱላ ሰግላን» የሚባሉ ዘጠኝ የጥልቅ ጕድጓድ ስፍራዎች አሉ። ውሃው የሚወጣው ሰዎች በየደረጃው ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ኦኮሌ የተባለውን የቁርበት መቅጃ ከእጅ ወደ እጅ በማቀባበል ነው፤ ጎብኝዎች «ዘፋኝ ጕድጓድ» ማለታቸው ስለዚህ ነው። ጕድጓዱን ያስቈፈረው፣ ከእርሱም በኋላ ወራሹ፣ «ኮንፊ» ይባላል፤ የየዕለቱን ተራ የሚያስጠብቀው ግን «አባ ሄሬጋ» ነው። ለተጠማ ሰው የሚጠጣ ውሃ አይከለከልም፤ ብርቱው ሕግ ለከብቱ ነው።

ከ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ መንግሥት በመኪና ኩሬዎችን ባስቈፈረ ጊዜ፣ በዝናም ወራት ብቻ ይጋጥ በነበረው ሜዳ ላይ ውሃ በበጋም ተገኘ። ከብቱ በዚያው ቀረ፤ ሣሩም ዕረፍት አጣ። ሰውና ከብት አብረው የሚገቡበት ኩሬ ደግሞ ከጕድጓዱ ይልቅ ቶሎ ይደፈርሳል። መሐንዲሶቹ ጕድጓዱ የግጦሹን ጊዜ ጭምር የሚወስን መሆኑን ልብ ያሉት አይመስለኝም።