«አዎ» ምን ማለት ነበር? የጅቡቲ ሕዝበ ውሳኔዎችና የቃለ መጠይቅ ቋንቋ

የጅቡቲ ሕዝብ በ19 ዓመታት ውስጥ ስለ ፖለቲካ ዕጣ ፈንታው ሦስት ጊዜ ተጠይቋል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 28 ቀን 1958 የቀረበው የፈረንሳይ አዲስ ሕገ መንግሥት ነበር፤ በማርች 19 ቀን 1967 ግዛቱ ከፈረንሳይ ጋር ይቆይ እንደሆነ፣ በሜይ 8 ቀን 1977 ደግሞ ነፃ ይውጣ እንደሆነ ተጠየቀ። እንግዲህ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «አዎ» ያለ ሰው ከፈረንሳይ ጋር መቆየትን፣ በሦስተኛው ግን መለየትን መረጠ። ቃሉ ሳይለወጥ ፍቺው ተገለበጠ።

ስለዚህ ከዋና ከተማይቱ አረጋውያን የቃል ታሪክ የሚሰበስብ ተመራማሪ «አዎ ብለው ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚያገኘው መልስ የትኛውን ዓመት እንደሚመለከት ከመልሱ ብቻ መለየት አይቻልም። ድምፅ የተሰጠበት ቃል የፈረንሳይኛው «ዊ» ወይም «ኖን» ሲሆን፣ ትዝታው ግን በሶማሊኛ ወይም በአፋርኛ ይነገራል። ተርጓሚው «ዊ»ን በሶማሊኛው «ሃ» ቢተካው፣ የድምፅ መስጫው ቃል ተራ ማረጋገጫ ሆኖ ይቀራል።

ጉዳዩ የትርጉም ብቻ አይደለም። በ1967 አፋሮች በብዛት ከፈረንሳይ ጋር መቆየትን፣ ሶማሌዎች በብዛት ነፃነትን እንደ ደገፉ ይታወቃል። ይፋ የሆነው ውጤት 60 በመቶ ገደማ ለመቆየት የተሰጠ ድምፅ ሲሆን፣ ሁከት አስከትሏል፤ ብዙ ሶማሌዎችም ከግዛቱ ተባርረዋል። ከተማይቱን የከበበው የሽቦ አጥር፣ በፈረንሳይኛው ስም «ባራዥ»፣ የገቢውንና የወጪውን እንቅስቃሴ ይቆጣጠር ነበር። በዚያው ዓመት ግዛቱ «የአፋርና የኢሳ የፈረንሳይ ግዛት» ተባለ። ስለዚህ «ምን መረጡ?» ማለት «የማን ወገን ነዎት?» ማለት ሊሆን ይችላል።

አማርኛም ቢሆን ገለልተኛ መሸሸጊያ አይሆንም። በ1960ዎቹ ኢትዮጵያም ሶማሊያም ግዛቱን ይገባናል ይሉ ስለነበር፣ በአማርኛ የሚጠይቅ ሰው ከየት እንደመጣ አስቀድሞ ይነገርለታል።

የተሻለው መንገድ ከድምፅ ይልቅ ከቦታ መጀመር ነው፦ በዚያን ጊዜ የት ሰፈር ይኖሩ ነበር? ከባራዡ በየትኛው በኩል? በየትኛው መንገድ ይገቡ ነበር? ተናጋሪው ራሱ ወደ ምርጫው ከመጣ፣ ድምፁን የጠራበት ቃል ሳይተረጎም፣ ከዓመቱ ጋር በጽሑፍ ይስፈር። በጁን 27 ቀን 1977 ነፃነት የታወጀባት ከተማ ታሪክ የሚነበበው፣ «አዎ» የቱ «አዎ» እንደሆነ ሲታወቅ ነው።